ሁለት እንጨት ቀጥዬ ቀስት የሠራሁበት ኮላ፦ ታይትቦንድ 3 ከሁለት ዓመት በኋላ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄን ሪቪው ልጻፍ ልጻፍ እያልኩ ሁለት ዓመት ያቆየሁት ሆን ብዬ ነው፣ ኮላ ገዝቶ በሳምንቱ "አሪፍ ነው፣ 5 ኮከብ" ብሎ መጻፍ ለማንም አይጠቅምም። ኮላ የሚታወቀው ሲከርም ነው። አሁን ከርሟል። መሐላቸው በዚሁ ኮላ የተቀጠለ ሁለት ቀስቶች እጄ ላይ አሉ፣ አንዱ ሁለት ዓመት ሞልቶታል፣ ሌላው አንድ ዓመት ከሁለት ወር፣ ሁለቱም የዳላስን ሰመር አይተዋል፣ ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ይሳባሉ፣ እስካሁን አንዳቸውም መጋጠሚያቸው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አላሳዩኝም።

በነገራችን ላይ ቀስት ስል የሚለጠጠውን እንጨት ነው፣ ተስፈንጥሮ የሚሄደውን ፍላጻ እለዋለሁ። በእኛ አነጋገር ሁለቱም ቀስት ስለሚባል ግራ እንዳትጋቡ።

ለምን አንድ ወጥ እንጨት አትጠቀምም፣ ምን አስቀጠለህ የሚል ጥያቄ ሁሌ ይመጣል። መልሱ ቀላል ነው፣ 6 ጫማ ርዝመት ያለው፣ ቀጥ ያለ፣ ጉጥ የሌለው፣ ያልተጠማዘዘ ግንድ ማግኘት እጅግ ከባድ ነው፣ ብታገኘውም ዋጋው አይቀመስም፣ በፖስታ ላስመጣ ብትል ደግሞ የማጓጓዣው ሌላ ጣጣ ነው። 3 ጫማ ንጹህ እንጨት ግን ከጠማማ ዛፍም ይወጣል። ስለዚህ ከአንድ ግንድ ጎን ለጎን ሁለት አጭር እንጨት ተፈልጦ ይወጣና መያዣው ላይ ተቀጥሎ አንድ ቀስት ይሆናል። እነዚህን ሁለት እንጨቶች እኔ መንታ እላቸዋለሁ፣ እውነትም መንታ ናቸው፣ ከአንድ ግንድ፣ ከአንድ ቁመት፣ የዕድሜ ቀለበታቸውም አንድ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱ ክንፎች (ከመያዣው ላይና ታች ያሉት የሚታጠፉት ክፍሎች) እኩል ይታጠፋሉ። መጋጠሚያው የሚያርፈው እጅ የሚይዘው ቦታ ላይ ነው፣ እሱ ቦታ ደግሞ ወፍራም ስለሆነ አይታጠፍም። ስለዚህ "የተቀጠለ ቀስት ደካማ ነው" የሚባለው ትክክል አይደለም፣ በደንብ ከተሠራ ሌላው ቦታ ይሰበራል እንጂ እዚያ አይሰበርም። ይሄ አዲስ ዘዴም አይደለም፣ የቱርኮቹ የድሮ ቀስት ውስጡ ያለው የሜፕል እንጨት ራሱ ከብዙ ቁራጭ በሽብልቅ እየተጋጠመ የተሠራ ነው፣ ከዚያ ነው በሆዱ (ወደ ተኳሹ በሚዞረው ፊት) ቀንድ፣ በጀርባው (ወደ ዒላማው በሚዞረው) ጅማት የሚለበጥለት።

የኔ እንጨት ቦዳርክ ነው። ቴክሳስ ያላችሁ ዛፉን ሳታውቁት አትቀሩም፣ በመከር ወራት መንገድ ዳር አረንጓዴ፣ ትልቅ ብርቱካን የሚያክል፣ ላዩ እንደ አንጎል የተጨማደደ ፍሬ የሚጥለው እሾሃማ ዛፍ ነው። የትውልድ አገሩ ይሄው ሰሜን ቴክሳስ፣ ኦክላሆማና አርካንሳ አካባቢ ነው። ፈረንሳዮቹ ነጋዴዎች ኦሴጅና ሌሎች የአገሬው ሕዝቦች ከሱ ቀስት ሲሠሩ አይተው "ቧ ዳርክ" አሉት፣ የቀስት እንጨት ማለት ነው፣ ቴክሳሶች አፋቸው ላይ ቦዳርክ አደረጉት። አይበሰብስም፣ ምስጥ አይደፍረውም፣ የዳላስ የድሮ ቤቶች መሠረታቸው በዚሁ እንጨት ጉማጅ ላይ የቆመ አለ። ክብደቱና ጥንካሬው ወይራን ያስታውሳል፣ መጋዙ ሲገባበት ግን እንደ እርድ ቢጫ ብናኝ ነው የሚያወጣው፣ እጅህን ሁለት ቀን ቢጫ ያደርገዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወታደሮች ካኪ ልብስ የተነከረበት ቀለም ከዚሁ እንጨት ይወጣ እንደነበር ሳነብ ምንም አልገረመኝም፣ የኔ ሸሚዝ ምስክር ነው። ይሄ ቢጫ ነገር ግን ወደ ኮላው ስንመጣ ችግር አለው፣ እመለስበታለሁ።

ቀስት ውስጥ ምን ከተተህ ለምትሉኝ፣ ከጦርም ከአደንም አልመጣሁም። ከእናቴ ደጋን ነው የመጣሁት። እናቴ ጥጥ ስትነድፍ ያየ ያውቃል፣ ትንሽዬ ደጋን በግራ እጇ፣ የተዳመጠው ጥጥ ፊቷ፣ አውታሩን ጥጡ ውስጥ አስገብታ በጣቷ ድንግ ድንግ ስታደርገው ጥጡ እንደ አረፋ ይነሳል። ልጅ ሆኜ ድምፁን እየሰማሁ ነው ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚወስደኝ። እዚህ መጥቼ ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ፓርክ ውስጥ ሽማግሌ ፈረንጅ በእጃቸው የሠሩትን የእንጨት ቀስት ሲሞክሩ የአውታሩ ድምፅ ያንን ድምፅ መሰለኝ፣ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

እሺ ወደ ነገሬ። የመጀመሪያ እንጨቴን ኦንላይን ነው ያዘዝኩት፣ ሻጩን ስሙን አላነሳም። "መንታ" ተብሎ ነው የተሸጠልኝ፣ ሲመጣ ግን የአንዱ የዕድሜ ቀለበት ወፍራም ወፍራም ነው፣ የሌላው ቀጫጭንና የተጠጋጋ፣ አንድ ግንድ እንዳላወጣቸው ያስታውቃል። በዚያ ላይ የአንዱ ጫፍ ሲቆረጥ ምንም ስላልተቀባ ደርቆ እስከ 3 ኢንች ተሰንጥቋል። ጽፌለት ግማሽ ገንዘቤን መለሰልኝ፣ እሱ ይሁን። ከእናንተ የምፈልገው ስትገዙ የሁለቱንም ጫፍ ፎቶ ጎን ለጎን አድርጎ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ቀለበቶቹ ተመሳሳይ ካልሆኑ መንታ አይደሉም፣ አንዱ ክንፍ ጠንክሮ አንዱ ይለሰልስና ቀስቱን ስታስተካክል ታለቅሳለህ።

ያም ሆኖ ቀጠልኳቸው። የቆረጥኩት ዚ የሚሉትን አቆራረጥ ነው፣ ከጀርባው ስታየው መስመሩ የፈረንጅ ፊደል ዚ ይመስላል፣ ሁለቱም እንጨት አንድ ዓይነት ተቆርጦ አንዱ ሲገለበጥ ከሌላው ጋር ጣት ለጣት እንደመቆላለፍ ይገባል። ርዝመቱ 4 ኢንች ነው፣ ሦስት የሚገናኙ ፊቶች አሉት፣ የኔ እንጨት እዚያ ቦታ ላይ አንድ ተኩል ኢንች ውፍረት ስለነበረው ኮላው የሚይዘው ስፋት ሲደመር 18 ካሬ ኢንች ገደማ ይሆናል። ብዙ ነው። ግን ያኔ እኔ የምቸኩል ሰው ነበርኩ፣ ስለዚህ በአምስት ደቂቃ ይደርቃል የተባለ ሁለት ቱቦ የሚቀላቀል ማጣበቂያ አንድ ሱቅ ገብቼ ገዛሁ፣ የፊቶቹን እንጨት በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ አለስልሼ፣ ቀብቼ፣ በሞርሳ አጥብቄ አሳደርኩት። ከውጭ ሲታይ በጣም ያምር ነበር።

ቀስት ሲሠራ ክንፎቹ እኩል እንዲታጠፉ ግድግዳ ላይ ሰቅለህ አውታሩን በገመድና በፑሊ ከሩቅ እየሳብክ እያየህ ትፍቃለህ። ሦስት ሜትር ርቄ ቆሜ ወደ 20 ኢንች ስስበው ጋራዡ ውስጥ "ጧ!" አለ፣ ጎረቤት ውሻ ሁሉ ጮኸ። መሐሉ ላይ ተላቋል። እንጨቱ አልተሰበረም፣ ዝም ብሎ ተላቀቀ። አንስቼ ፊቱን ሳየው አንደኛው ፊት ላይ ማጣበቂያው እንዳለ አለ፣ ወለል ብሎ የሚያብለጨልጭ፣ በጥፍሬ ጫፉን ብይዘው እንደ ጥፍር ቀለም ተልጦ ወጣ። ሌላው ፊት ንጹህ ቢጫ እንጨት፣ ምንም የነካው አይመስልም።

አጎቴ ጋር ደወልኩ። አዲስ አበባ ዕድሜ ልካቸውን አናጢ ናቸው። "ጋሼ፣ ኮላው ከዳኝ" አልኳቸው። በቪዲዮ የተላቀቀውን ፊት ካሜራው ላይ አስጠግቼ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ትንሽ ዝም ብለው አዩና "ኮላው ምን አደረገህ? እንጨቱን እኮ እንደ መስታወት አድርገህ ሰጥተኸዋል፣ በየት ገብቶ ይያዝልህ" አሉኝ። ከዚያ ሁለቱን እንጨት ያለ ኮላ ግጠማቸውና ከበስተኋላ መብራት አብራ አሉኝ። አበራሁ። በአንዱ መስመር ብርሃን ቦግ ብሎ ያልፋል። "ይኸው። ኮላ ጉድጓድ አይሞላም የኔ ልጅ፣ ጉድጓድ የሚሞላው ጭቃ ነው።" ቀስት አንድም ቀን ሠርተው አያውቁም፣ ግን ከብዙ ሰዓት የዩቲዩብ ቪዲዮ የበለጠ ያስተማሩኝ በዚያች አምስት ደቂቃ ነው።

እዚህ ላይ ነው ታይትቦንድ 3 የገባው። አረንጓዴ ሌብል ያለው ነው፣ ከቀዩና ከሰማያዊው ጋር እንዳታምታቱት። ቀዩ የመጀመሪያው ነው ለቤት ውስጥ ዕቃ፣ ሰማያዊው ቁጥር 2 ውሃ ይችላል፣ አረንጓዴው ቁጥር 3 በአሜሪካ የእንጨት ማጣበቂያ ደረጃ ውሃ የማያስገባ ከሚባለው ምድብ ነው። ከጠርሙሱ ሲወጣ ወተት በብዛት የገባበት ማኪያቶ ይመስላል፣ ሲደርቅ ቡናማ ይሆናል፣ ቦዳርክ ደግሞ ፀሐይ ሲመታው በጊዜ ብዛት ራሱ ወደ ቡናማ ስለሚሄድ መስመሩ ውሎ አድሮ ይጠፋል። ሠሪው ፍራንክሊን የሚባለው የኦሃዮ ኩባንያ ነው፣ ከ1935 ጀምሮ ያለ። 16 ኦውንሱ ጠርሙስ ከአንድ ክትፎ ዋጋ ያንሳል፣ ከአንድ ጠርሙስ ስንት ቀስት ይወጣል። መቀላቀል የለ፣ ሽታው ራስ አያምም፣ ያልደረቀው በውሃ ይታጠባል፣ ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት ውስጥ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

እንጨቶቹን ከተላቀቀው ቦታ ላይ ቆርጬ እንደገና አዲስ ዚ አወጣሁባቸው። እያንዳንዳቸው 36 ኢንች የነበሩት 32 ሆኑ፣ ሲጋጠሙ 4 ኢንች ስለሚደራረብ ቀስቱ 60 ኢንች ሆነ፣ አጭር ነው፣ ለትልቁ ልጄ አለስልሼ ሠራሁለት። እንዴት እንዳደረግኩት በዝርዝር ልንገራችሁ፣ ኮላው ጥሩ ሆኖ የተገኘው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ ስለማምን።

መጀመሪያ በካርቶን ቅርጹን ቆርጬ ሁለቱም ላይ በዚያው አንድ ካርቶን አሰመርኩ፣ በመጋዝ ስቆርጥ መስመሩን ሳልነካ ከውጭ በኩል ሄድኩ፣ የቀረውን በሞረድ ቀስ እያልኩ። ከዚያ የፓርኩ ሽማግሌ ያሳዩኝን አደረግኩ፣ የተቆረጡትን ሁለት ጫፎች ትልቅ ድስት ውስጥ የፈላ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ መቀቀል ነው። ሚስቴ ድስቷን ስታይ ምን እንዳለችኝ ይቅር፣ አዲስ ድስት ገዝቻለሁ፣ ውሃውም ቢጫ ሆኖ ነበር። እንጨቱ ትኩሱን እንደወጣ ትንሽ ስለሚለሰልስ ሁለቱን በፍጥነት አጋጥሜ በሞርሳ ሳጠብቀው አንዱ ሌላውን ቀረጸው፣ ጉብታው ጎድጓዳውን አገኘው። እንደዚያው ታስሮ ቀዘቀዘ። ስፈታው መብራት ከኋላ ባበራ ምንም አያልፍም። ይሄ ዘዴ አንድ ሺህ ዶላር ማሽን ከመግዛት ያድናል። ግን ጠንቀቅ በሉ፣ የተቀቀለ እንጨት እርጥብ ነው፣ በዚያው ቀን ኮላ ቀብታችሁ አትግጠሙት፣ እኔ ቤት ውስጥ አንድ ሳምንት ሙሉ አደረቅኩት።

ከዚያ ያቺ ቢጫ ነገር። ቦዳርክ ውስጡ ቅባትነት ያለው ነገር አለው፣ ፊቱ ላይ ወጥቶ ሲቀመጥ ኮላ እንዳይገባ ያደርጋል። ስለዚህ ኮላ ከመቀባቴ በፊት ፊቱን በ60 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ሻካራ አደረግኩት፣ ማለስለስ አይደለም፣ መቧጨር ነው፣ ከዚያ ነጭ ጨርቅ አሴቶን (የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቀው ፈሳሽ) ውስጥ ነክሬ ጨርቁ ቢጫ መሆን እስኪያቆም ጠረግኩት። አራት ጨርቅ ፈጀ። ወዲያው ኮላ። ሳምንት አሳድረህ ብትቀባ እንደገና መጥረግ አለብህ።

ኮላው ራሱ ላይ ስንመጣ፣ ገልጬ ከቀባሁት በኋላ ለመግጠም ያለኝ ጊዜ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ነው፣ ይሄ ለዚህ ሥራ በቂ ነው ግን የሚያዝናና አይደለም፣ ሞርሳው ተከፍቶ ፌስታሉ ተዘርግቶ ሁሉ ነገር እጅ ስር መሆን አለበት። የዚ መስመሮች ሰያፍ ስለሆኑ እንጨቱ በጫፉ በኩል ኮላ ይመጥጣል፣ ስለዚህ አንዴ ስስ አድርጌ ቀብቼ ሦስት ደቂቃ ያህል ጠብቄ ደግሜ ቀባሁ፣ የመጀመሪያው ጠፍቶ ነበር ማለት ይቻላል፣ እንጨቱ ጠጥቶታል። አንዴ ብቻ ቀብቼ ቢሆን ደርቆ ይቀር ነበር። ከዚያ ገጠምኩ፣ ሞርሳ ከሁለት አቅጣጫ፣ ከጎን እና ከላይ፣ በርዝመቱም እንዳይንሸራተት ገፋ አድርጌ። በመስመሩ ሁሉ ላይ ኮላው እንደ ላብ ችፍ ችፍ ብሎ ሲወጣ ደስ ይላል። ያላበ ቦታ በደንብ ጠጥቷል፣ ያላላበ ቦታ ካለ እዚያ ጋ ፈትታችሁ ጨምሩ። ሞርሳ ለሌላችሁ፣ የብስክሌት የውስጥ ጎማ በረጅሙ ቀዳችሁ ወጥራችሁ እየጠመጠማችሁ ብታስሩት በሁሉም በኩል እኩል ይጫናል፣ ሁለተኛውን ቀስት እንደዚያ ነው ያሰርኩት፣ ከሞርሳው እኩል ነው።

አንድ ነገር ሳትረሱ፣ ኮላው ከመያዙ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ክር ወጥሩና ክሩ በመያዣው መሐል ማለፉን እዩ። አንድ ሳንቲ ወደ ጎን ከሄደ አሁን ነው የምትገፉት፣ ነገ አይቻልም። የተቀጠለ ቀስት ከወጥ እንጨት የሚበልጥበትም ይሄ ነው፣ ጫፎቹን ትንሽ ወደ ፊት አዘንብለህ መግጠም ትችላለህ፣ ሁለተኛውን አንድ ኢንች ተኩል ወደ ፊት አድርጌዋለሁ፣ ፍላጻው ሲወጣ ልዩነቱ ያስታውቃል።

ጠርሙሱ ላይ ጫና የሌለበትን ሥራ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት አስሮ መፍታት ይቻላል ይላል፣ ጫና ያለበትን ግን 24 ሰዓት ጠብቁ ይላል። እኔ ሦስት ቀን ነው የተውኩት። ቀስት ለማዘን ሰዓት የማይሰጥ ዕቃ ነው፣ ፊትህ ላይ ነው የምትስበው፣ ልጅህ ፊት ላይ ነው የሚስበው።

የማልወደው ነገር አለው ወይ? አለው። ብርድ አይወድም። ከ8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አትቀባ ይላል፣ ቀልድ አይደለም፣ በብርድ ከደረቀ ኖራ የመሰለ ነጭ ዱቄት ነው የሚሆነው፣ አይይዝም። ዳላስ ክረምቷ አጭር ነው ግን ጥር ላይ ጋራዥ ውስጥ ማታ ማታ ከዚያ በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ እንጨቱንም ኮላውንም ሳሎን አስገብቼ ሶፋ ጥግ ነው ያሳደርኳቸው። ሚኒሶታና ኮሎራዶ ያላችሁ ይሄን በደንብ ያዙ። ሁለተኛ፣ ሙቀትም አይወድም፣ የዚህ ዓይነት ኮላ ከደረቀ በኋላም ሲግል ይለሰልሳል። ሐምሌ ላይ ቀስቱን መኪና ውስጥ ትታችሁ ሥራ አትግቡ፣ በተለይ አውታሩ እንደተወጠረ። ሦስተኛ፣ ለረጅም ጊዜ ያለማቋረጥ ከተጫኑት ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ በዚህ ባሕርዩ ይታወቃል። ስለዚህ መያዣው ላይ፣ የማይታጠፍ ቦታ ላይ፣ ተኩሶ አውታሩን ለሚፈታ ሰው ምንም አይልም። ተወጥሮ ለሚሰቀል ቀስት ወይም የሚታጠፍ ቦታ ላይ ለሚደረግ ቅጥያ ግን እኔ አላምነውም።

አራተኛና ዋናው፣ ክፍተት አይሞላም። አጎቴ እንዳሉት ነው። መጋጠሚያችሁ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነና ከዚህ በላይ ማስተካከል የማትችሉ ከሆነ ይሄን ኮላ አትግዙ፣ ቀስ ብሎ የሚደርቀውን ኢፖክሲ (ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚደርቅ ማጣበቂያ) ግዙ። የቀስት ሠሪዎቹ አፍ ላይ የማይጠፋው ስሙዝ ኦን ኢኤ 40 የሚባለው ነው፣ ከአንድ ጓደኛዬ ተካፍዬ መያዣ ላይ ተጨማሪ እንጨት ለማጣበቅ ተጠቅሜበታለሁ፣ በጣም ጠንካራ ነው፣ ትንሽ ክፍተት ይችላል፣ ቅባት ያለበትንም እንጨት የተሻለ ይይዛል። ግን ውድ ነው፣ ልኩን ጠብቆ መቀላቀል ይፈልጋል፣ ጓንት ይፈልጋል፣ በሱ ላይ ደግሞ ሞርሳ ከመጠን በላይ ካጠበቅክ ሁሉንም ጨምቀህ ታወጣውና መጋጠሚያው ማጣበቂያ ያጣል። ለመጀመሪያ ቀስት የሚሠራ ሰው ጊዜውን መግጠሙ ላይ ያጥፋ ባይ ነኝ፣ ገንዘቡ ይቀመጥለት።

የድሮ ሙጫስ? ይሄን የጠየቀኝ ሰው ነበር፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ታይትቦንድ ሳይኖር ሰው በሺህ ዓመት የሚቆጠር ጊዜ ቀስት ቀጥሏል። ከቆዳና ከጅማት ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው የነበረው፣ ቱርኮቹ ከዓሣ የሚወጣ ሙጫ፣ ኮሪያዎቹም ከዓሣ የአየር ከረጢት የሚወጣውን ይጠቀሙ ነበር። እኔ ከምግብ ሱቅ ጣዕም የሌለው ጄላቲን ገዝቼ ሞክሬዋለሁ፣ እሱም ያው ከቆዳና ከአጥንት የሚወጣ ስለሆነ ይሠራል፣ ውሃው ግን መፍላት የለበትም፣ 60 ዲግሪ አካባቢ ነው የሚያዘው፣ ከፈላ ጉልበቱ ይሞታል። በጥራጊ እንጨት ሞክሬ በመዶሻ ስሰብረው እንጨቱ ተቀደደ እንጂ ሙጫው አልለቀቀም፣ ክብር ይገባዋል። ችግሩ እርጥበት ነው፣ ዝናብ ይፈታዋል፣ ቴክሳስ ወበቅ ላይ አላምነውም። ደረቅ አገር ያላችሁ፣ ጊዜ ያላችሁ፣ ሞክሩት፣ ሽታው ብቻ ትንሽ የቅቅል ሽታ ነው።

ሁለተኛውን ቀስት እንጨቱን ኦክላሆማ ድንበር አካባቢ ራሱ ዛፉን ከሚቆርጥ ሰው ነው የገዛሁት፣ ሄጄ በዓይኔ አይቼ። ይሄኛው እውነተኛ መንታ ነው፣ ጉጡ ሳይቀር ሁለቱም ላይ በአንድ ቦታ አለ። ሲጋጠም 68 ኢንች ሆነ፣ ጫፍ ጫፉን ቆርጬ 66 ላይ አቆምኩት፣ 28 ኢንች ለመሳብ የሚጠይቀው ጉልበት 45 ፓውንድ ነው። የጀርባውን አንዷን የዕድሜ ቀለበት ሳልቆርጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትዬ ማውጣቱ ብቻ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። መጋጠሚያውን በሽመና ክር ጠምጥሜ በላዩ የፍየል ቆዳ አለበስኩት፣ ክሩ የግድ አይደለም፣ እኔ ግን እንቅልፍ እንዲወስደኝ ነው።

እናቴ አምና ልትጠይቀን መጥታ ግድግዳ ላይ አየችው። አወረደችው፣ አውታሩን ወጠርኩላት፣ ቆዳውን ዳበስ ዳበስ አደረገች፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አስተኝታ አውታሩን በጣቷ ድንግ አደረገችው። እንደገና ድንግ። "ድምፁ ወፍራም ነው" አለች። ከዚያ "የት ጋ ነው የቀጠልከው?" ብላ ጠየቀችኝ፣ ቆዳውንና ክሩን ገለጥ አድርጌ አሳየኋት፣ መስመሩን በጥፍሯ ተከተለችው፣ ጥፍሯ የትም አልተያዘም። ከዚህ የበለጠ ፈተና ይኖራል ብዬ አላስብም።

ነጥብ መስጠት ካለብኝ ታይትቦንድ 3 ለዚህ ሥራ ከ5 ኮከብ 4 ተኩል እሰጠዋለሁ። ግማሹን የቀነስኩት ለብርዱና ለሙቀቱ ነው። ለሱቅ ባለቤት ሳይሆን ለእናንተ ነው የምጽፈው፣ ጠርሙሱ ላይ የተመረተበትን ጊዜ እያያችሁ አዲሱን ግዙ፣ ሁለት ዓመት ነው የሚቆየው፣ ሲያረጅ እየወፈረ ይመጣል፣ እንደ እርጎ ከሆነ ለቀስት አትጠቀሙት።

አንድ የመጨረሻ ጉዳይ፣ ዳላስ፣ ጋርላንድ፣ ሪቻርድሰን አካባቢ ያላችሁ፣ ጓሮአችሁ ወይ የጎረቤት ግቢ ቦዳርክ ሲቆረጥ ካያችሁ እባካችሁ ለማገዶ ሳይሄድ አንድ መልእክት ላኩልኝ፣ በራሴ መኪና መጥቼ እወስዳለሁ፣ 3 ጫማ ቀጥ ያለ ነገር ካለው ይበቃኛል። እኔ እስክደርስ ደግሞ ይሄንኑ ኮላ ካላችሁ በተቆረጠው ጫፍ በሁለቱም በኩል ወፈር አድርጋችሁ ቀቡልኝ፣ ከሌላችሁ የግድግዳ ቀለምም ይሆናል፣ ብቻ ዛሬውኑ ይቀባ፣ ነገ ካላችሁ መሰንጠቅ ይጀምራል።